በስደት የተማረ ጦር፦ የሶባ ማሠልጠኛ አመጣጥ፣ አደረጃጀትና ውርስ

ከባሕር ዳር ወጥቶ የጎንደርን መንገድ የያዘ ተጓዥ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ጥቂት እንደሄደ ዘንዘልማ ይደርሳል። ቦታው ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ነው። በ1933 ዓ.ም. ግን ይህ የዓባይ ማዶ አገር ባሕር ዳር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ከደብረ ታቦርና ከጎንደር ወገኖቹ ጋር የሚገናኝበት አቅጣጫ ነበር። ያንን ጦር ነጥሎ ለመያዝ ከዘመተው ኃይል ጀርባ ብዙ ያልተነገረለት ተቋም አለ። ሥፍራው ከጣና የሚወጣው ውሃ ከነጭ ዓባይ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ሶባ በሚባል ቦታ ነው። ተቋሙም የስደተኞች የጦር ማሠልጠኛ ነው።

የስደት ጦር ማሠልጠኛ የአንድ አገር ፈጠራ አይደለም። በዚያው ዘመን ፖላንዶች የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎቻቸውን በእንግሊዝ አገር ያሠለጥኑ ነበር። ኢትዮጵያውያንም እግረኛ ጦራቸውንና መኮንኖቻቸውን በሱዳንና በኬንያ ያሰናዱ ነበር። ሁለቱ በመሣሪያ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ እንጂ ያጋጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም ለምን እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚደራጅና ምን ትቶ እንደሚያልፍ ከሶባ ተነስቶ ማየት ይቻላል።

1. ፍላጎቱ፦ አገሩን ያጣ ጦር ለምን ትምህርት ቤት ያሻዋል?

አገሩን በጠላት የተነጠቀ ወታደር የሚጎድለው ጠመንጃ ብቻ አይደለም። የሚሰለፍበት ሜዳ የለውም፤ ቀለብ የሚሰፍርለት መንግሥት የለውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዕረጉን የሚያጸናለት ሕግ የለም። መኮንን የነበረው በስደተኞች ሰፈር ውስጥ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ተቆጥሮ ራሽን ይቀበላል።

አስተናጋጁ መንግሥት በበኩሉ የሚጎድለው ሌላ ነው። ጦርነት ሲመጣበት የሰው ኃይል ያንሰዋል፤ የሚዘምትበትን አገር መንገድ፣ ቋንቋና ባላባት አያውቅም። ስደተኛው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለመሞትም ምክንያት አለው። የስደት ማሠልጠኛ የሚቋቋመው እነዚህ ሁለት ጉድለቶች ሲገናኙ ነው። አንዱ አስተማሪ፣ ጥይትና ስንቅ ያቀርባል፤ ሌላው ሰውና ዓላማ ያቀርባል።

ውሉ ግን ከመጀመሪያው ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። ማን ያስተምራል? በምን ቋንቋ? ተማሪው ሲጨርስ የሚሰለፈው በማን ባንዲራ ሥር ነው? ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች በአስተርጓሚና በትዕግሥት ማለፍ ይቻላል። የተቋሙን ዕድል የሚወስነው ሦስተኛው ነው።

2. ከሶባ በፊት፦ ሆለታ ገነት

ሶባ ከባዶ አልተነሳም። ከእሱ በፊት በጥር 1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት ላይ የተከፈተ የጦር ትምህርት ቤት ነበር። በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች ወደ 130 የሚጠጉ ወጣቶች ሲሆኑ የተመለመሉትም ዘመናዊ ትምህርት ከቀመሱት መካከል ነው። ዓላማው በባላባትና በጭፍራ ትስስር ይዘምት ለነበረው የአገሪቱ ሠራዊት በትምህርት የበቃ፣ በማዕረግ የሚታዘዝ የመኮንን ክፍል ማፍራት ነበር።

ትምህርቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ቀደመ። ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከሆለታ ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ወደ ወለጋ ወርደው ከተማሩ ጓዶቻቸው ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነሱ ናቸው፤ ጄኔራል ማልዮኮም የሞተው በዚያው ዕለት ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የማኅበሩ መሪ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ለመስጠት ሲገደዱ ማኅበሩም ተበተነ። ከሁለት ወር በኋላ የየካቲት 12 ፍጅት መጣ። ፋሽስቱ የተማረውን ሰው ለይቶ ሲያጠፋ ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ በዚያው ተረሸኑ።

ስለዚህ የሶባ አስፈላጊነት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ጥፋት ነው። አገሪቱ ጀግና አልጎደላትም፤ በየዱሩ አርበኛው ይዋጋ ነበር። የጎደለው በዘመናዊ ጦር አሠራር የሠለጠነ፣ መትረየስ የሚተኩስ፣ ካርታ የሚያነብ፣ ነገ መደበኛ ሠራዊት ሊያቆም የሚችል መኮንን ነው። ያለው ጥቂቱም በአብዛኛው በስደት ላይ ነበር።

3. ትምህርት ቤት የሌለው ስደት፦ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም.

ስደቱ በብዙ አቅጣጫ ተበትኗል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ፤ ባዝ ከተማም ተቀመጡ። ከመኳንንቱና ከካህናቱ ብዙዎች ኢየሩሳሌም ቀሩ። ከደቡብ ግንባር የተረፈው ወታደር ከነቤተሰቡ ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ሰፈር ተጠለለ። ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን አስካሪዎችም (የቅኝ ግዛት ወታደሮች) በዚያ ከተሰደዱት ጋር ተቀላቀሉ። ከጎጃምና ከበጌምድር ወገን የሸሸው ደግሞ በመተማና በገዳሪፍ አድርጎ ሱዳን ገባ። ሌላው ጅቡቲ ቆየ።

በእነዚህ ሰፈሮች የጦር ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀርቶ ስደተኛው የማን ዜጋ እንደሆነም አከራካሪ ነበር። እንግሊዝ በ1938 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ጋር ባደረገችው ስምምነት የጣሊያንን የኢትዮጵያ ይዞታ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ሕግ ዓይን ኢትዮጵያ የሚባል መንግሥት አልነበረም፤ ስለዚህም ጦሩ ሊኖር አይችልም ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ስደተኛውን የሚያዩት የቀለብ ወጪ የሚያስከትል፣ ከጣሊያን ጋርም የሚያነካካ ሸክም አድርገው ነው። በዚህ ዘመን የነበረው ሰውና ዓላማ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ግን ስደተኛውን የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም፤ ምክንያት በሌለበት ደግሞ ትምህርት ቤት አይከፈትም።

4. ሶባ ይከፈታል

ሁኔታውን የለወጠው የጣሊያን የራሱ ውሳኔ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ትናንት ሸክም የነበረው ስደተኛ በአንድ ቀን ወዳጅ ሆነ። በወሩ መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በባሕር አውሮፕላን እስክንድርያ ደረሱ፤ ከዚያም በዋዲ ሐልፋ አድርገው ካርቱም ገቡ።

እንግሊዝ በሱዳን የነበራት ኃይል ሦስት የእንግሊዝ ሻለቆችና ወደ 4,500 የሚጠጋ የሱዳን መከላከያ ኃይል ብቻ ነበር። ከድንበሩ ማዶ የተሰለፈው የጣሊያን ሠራዊት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያን ሠራዊት ከኋላ የሚያስጨንቀው የጎጃም፣ የበጌምድርና የሸዋ አርበኛ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚያገናኘውም ስደተኛው ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለ አነስተኛ ቡድን ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ መሪዎች ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋር ተገናኘ።

ማሠልጠኛው የተጀመረው በዚህ ሰሞን ነው። በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች ፈቃደኞች ተመልምለው ከፊሎቹ በዚያው በሰሜን ኬንያ ድንበር ለሚዘምቱ ክፍሎች ተመደቡ፤ ሌሎቹ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ከሱዳንና ከጅቡቲ የተሰበሰቡ ወጣቶችም ተጨመሩ። ሶባ የሁሉም መገናኛ ሆነ። ሥፍራው የጥንቱ የክርስቲያን ኑብያ መንግሥት የአልዋ ዋና ከተማ የነበረበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቀና አልነበሩም። ለአርበኛውም ለስደተኛውም የታደለው ጠመንጃ ብዙው ያረጀ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ቅሬታቸውን አሰሙ። በካርቱም ሹማምንት ዘንድ ስደተኛውን አስታጥቆ ማሰለፍ የሚያስፈራቸው ነበሩ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ካርቱም መጥቶ ከጦር አዛዦቹና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጎጃሙን ዘመቻ የሚመራው ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት መጣ፤ ሥልጠናውም ፍጥነት አገኘ።

5. አደረጃጀቱና ትምህርቱ

ሶባ አንድ ወጥ ትምህርት ቤት ሳይሆን ሦስት ሥራዎች የተደራረቡበት ሰፈር ነው ማለት ይቀላል።

የመጀመሪያው የዕጩ መኮንኖች ክፍል ነው። ሆለታ የጀመሩትን ትምህርት ያልጨረሱ፣ እንዲሁም በስደት ያደጉና ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች በእንግሊዝ መኮንኖች ሥር የሚማሩበት ነበር። ከዚህ የወጡት ለጊዜው በዘመቻው ይሰለፋሉ፤ ዋናው የታሰበላቸው ሥራ ግን ከድል በኋላ ያለው ነው።

ሁለተኛው የሻለቃ ሥልጠና ነው። ተራው ስደተኛ ከሰፈር ሕይወት ወደ መደበኛ ሰልፍ የሚሸጋገርበት ሲሆን፣ በዘመቻው ስሙ የተነሳው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከኬንያ በመጡት ስደተኞች የቆመ ነው። የሻለቃው አዛዥና ከፍተኛ መኮንኖቹ እንግሊዛውያን ነበሩ።

ሦስተኛው ኦፕሬሽናል ሴንተር የሚባለው አነስተኛ ቡድን ነው። አንድ የእንግሊዝ መኮንን፣ አምስት ያህል የእንግሊዝ ወይም የአውስትራሊያ የበታች ሹማምንትና ወደ 200 የሚደርሱ የተመረጡ ኢትዮጵያውያን አንድ ቡድን ይሆናሉ። ሥራቸው ከአርበኛው ዘንድ ሰፍረው ድልድይና መንገድ ማፍረስ፣ የጠላትን ምሽግ በሌሊት መምታት፣ ለአርበኛውም በተግባር ማሳየት ነው። ከዚህ ጀርባ የነበረው የዊንጌት ሐሳብ ነው። ለአርበኛ ገንዘብና ጠመንጃ በጅምላ ማደል ጦር አያቆምም፤ ትንሽ ነገር ግን በደንብ የሠለጠነ ክፍል ፊት ፊት ሲዋጋ ማሳየት ይበልጣል የሚል ነበር።

የትምህርቱ ይዘት ለሦስቱም ክፍሎች በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፦ ሰልፍ፣ ዒላማ፣ መትረየስና ሞርታር፣ ፈንጂ አያያዝ፣ የሌሊት ጉዞ፣ ዘብና ቅኝት። ልዩነቱ በጊዜ ነው። በሰላም ጊዜ ዓመት የሚፈጀው እዚህ በወራት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ይጠቃለላል። የእንግሊዝ ሪፖርት ዘመቻው ሲጀመር የነበሩትን የኢትዮጵያ ወታደሮች በከፊል የሠለጠኑ ብሎ የጻፈው ስለዚህ ነው።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ ነበር። አሠልጣኙ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ምልምሉ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ይናገራል፤ ከኤርትራ የመጣው ጣሊያንኛ ሰምቷል፤ ሱዳን የከረመው ዐረብኛ ይጨምራል። አስተርጓሚው ስለዚህ ተራ ሠራተኛ አልነበረም፤ ትእዛዙ የሚያልፍበት በር እሱ ነበር። በዚያው ጊዜ በካርቱም በጆርጅ ስቲር አዘጋጅነት ይታተም የነበረው ባንዲራችን የተባለው ጋዜጣም የዚህ ሥራ አካል ነው። ለሠልጣኙም ለአርበኛውም በገዛ ቋንቋው የጦርነቱን ዜናና የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ ያደርስ ነበር።

የባንዲራው ጥያቄስ? ደሞዙ፣ ጥይቱና ከፍተኛ አዛዡ የእንግሊዝ ነው። ሻለቃው ግን የኢትዮጵያ ስም ይዟል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ካርቱም ተቀምጠዋል። ይህ ሁለት ጌታ ያለው ሥርዓት በዘመቻው ወቅት እንደነገሩ ሠራ። ጥያቄው ግን ተላለፈ እንጂ አልተዘጋም።

6. ፈተናው፦ ጎጃምና ባሕር ዳር

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ጉዞው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ነው። መኪና የማያልፍበት አገር በመሆኑ ስንቁ የተጫነው ወደ 15,000 በሚጠጉ ግመሎች ሲሆን ከእነዚያ እጅግ የሚበዙት በመንገድ አለቁ። ጌዴዎን የተባለው የዊንጌት ኃይል 50 መኮንኖች፣ 20 የእንግሊዝ የበታች ሹማምንት፣ 800 ያህል የሠለጠኑ ሱዳናውያንና 800 ያህል በከፊል የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩት። ከፊት ለፊቱ የቆመው የጣሊያን ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

የስደት ትምህርቱ በእሳት የተፈተነው የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬንና ደምበጫን በሚያገናኘው መንገድ ጫረቃ ወንዝ ላይ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከቡሬ እየለቀቀ በሚያፈገፍገው የኮሎኔል ናታሌ ጦር መንገድ ላይ ሰፍሮ ነበር። በሺዎች የሚቆጠረው የጣሊያን ጦር ድንገት ሲመጣበት ጥቂት መቶ የሆነው ሻለቃ ለሰዓታት ተዋጋ፤ ከባድ ጉዳትም ደረሰበት። ጠላት ጥሶ አለፈ፤ ሻለቃው ግን አልተበተነም። ከጥቂት ወራት በፊት በኬንያ ሰፈር ራሽን ይጠብቅ የነበረ ሰው ይህን ማድረጉ የሥልጠናው ማስረጃ ነው።

በሰሜኑ በኩል የኮሎኔል ቶሬሊ ጦር በየካቲት ወር ዳንግላን ለቆ ባሕር ዳር ገብቶ መሽጓል። እሱን ለመጠበቅና ከበጌምድር ለመለየት እንግሊዛዊው ሻለቃ ሳይመንድስ የሚመራው፣ ጥቂት ሰው ያለው የበጌምድር ኃይል ተመደበ። በባሕር ዳር ዙሪያና ከጣና በስተምሥራቅ ባለው አገር ከአርበኛው ጋር ሆኖ ቁጥሩ ብዙ የሆነውን ጦር በምሽጉ አስሮ ያዘው። የቶሬሊ ጦር ወደ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ዋናውን ውጊያ እንዳያግዝ አደረገ፤ በኋላም ባሕር ዳርን ለቆ ወደ ጎንደር ወገን ሸሸ። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ጎንደር ግን እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጸንታ ቆየች።

ሚዛኑን ማዛባት ግን አይገባም። ጎጃምን ነፃ ያወጣው ሶባ አይደለም። አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው አርበኛ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ አድርጎ ባይጠብቅ ኖሮ በወራት የሠለጠነ 800 ሰው ደጋውን ባልወጣ ነበር። የማሠልጠኛው ድርሻ የአርበኛውን ኃይል ከመደበኛ ጦርነት አሠራር ጋር ማጋጠም ነው።

7. ማነጻጸሪያ፦ የፖላንዶቹ ቦምብ ጣዮች

ይህን ተቋም በሚገባ ለመመዘን እኩያውን ማየት ያግዛል። ፖላንድ በመስከረም 1939 እ.ኤ.አ. በጀርመንና በሶቭየት ኅብረት ስትያዝ አየር ኃይሏ በሩማኒያና በሃንጋሪ በኩል ወደ ፈረንሳይ፣ አብዛኛው ደግሞ ከፈረንሳይ ውድቀት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። የመጀመሪያዎቹ ቀደም ብለው በታኅሣሥ 1939 በእንግሊዝ አገር ኢስትቸርች ሲደርሱ የእንግሊዝ አየር ኃይል ተጠባባቂ ሆነው ለእንግሊዝ ንጉሥ እንዲምሉ ተጠየቁ። አገሩን ለማስመለስ ለተሰደደ ወታደር ይህ መራራ ነበር። በነሐሴ 1940 በተፈረመ ስምምነት ግን የፖላንድ አየር ኃይል የራሱ ዓርማ፣ ማዕረግና መሐላ ያለው የወዳጅ አገር ኃይል ሆኖ ታወቀ።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነበር። አብራሪው መጀመሪያ በሃክናል አነስተኛ አውሮፕላን ያበራል፤ ከዚያ በኒውተን ከፍ ያለውን ይማራል። የመጨረሻው ደረጃ የዘመቻ ማሠልጠኛ ክፍል ነው። ቁጥር 18 የተባለው ይህ ክፍል በሃክናል ተጀምሮ በኅዳር 1940 ወደ ብራምኮት ተዛወረ። በዚህ ደረጃ አብራሪ፣ ናቪጌተር፣ ሬዲዮ ኦፕሬተርና መትረየስ ተኳሾች ከየትምህርት ቤታቸው መጥተው አንድ ቡድን ይሆናሉ። ዌሊንግተን የተባለው ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፤ ስድስቱ በሌሊት ተግባብተው ካልሠሩ አንዱ ብቻ ጎበዝ መሆኑ አያድንም። 300፣ 301፣ 304 እና 305 ቁጥር የተሰጣቸው አራቱ የፖላንድ ቦምብ ጣይ ክፍሎች በ1940 በዚሁ በብራምኮት ተቋቋሙ።

ችግሮቹ ከሶባ ጋር ይመሳሰላሉ። በሬዲዮ የሚሰማው እንግሊዝኛ ነው፤ መለኪያው ማይልና ጫማ ነው። በፖላንድ ልማድ የአውሮፕላኑ አዛዥ ብዙ ጊዜ ናቪጌተሩ ሲሆን በእንግሊዝ አብራሪው ነው፤ በዚህም ብዙ ተከራክረዋል። መፍትሔው አስተማሪነቱን ቀስ በቀስ ለራሳቸው ለፖላንዶች ማስተላለፍ ሆነ፤ ዘመቻ ጨርሶ የተመለሰ አብራሪ አዲሱን በገዛ ቋንቋው ያስተምራል።

በመሣሪያና በአደረጃጀት የፖላንዶቹ ትምህርት ቤት ከሶባ እጅግ ይበልጣል። ፍጻሜው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሐምሌ 1945 እንግሊዝ ለንደን ለነበረው የፖላንድ መንግሥት የሰጠችውን ዕውቅና አንስታ በዋርሶ ለተቋቋመው ሰጠች። አየር ኃይሉ በ1947 መጀመሪያ ላይ ፈርሶ አለቀ፤ ብዙው የአየር ኃይሉ ባልደረባ አገሩ ሳይመለስ በባዕድ አገር ሲቪል ሥራ ያዘ። የተማረው አልጎደለም፤ ትምህርቱ የሚያርፍበት መንግሥት ግን አልተገኘም።

8. ከድል በኋላ፦ ከስደት ትምህርት ቤት ወደ መደበኛ ሠራዊት

የኢትዮጵያውያኑ ዕድል ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ከመንግሥታቸው ጋር ተመለሱ። በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን የጦር ሠራዊቱን ማሠልጠን ጀመረ፤ እስከ 1943 ዓ.ም. ገደማም ቆየ። ከሆለታና ከሶባ የወጡት መኮንኖች ደግሞ በተለይ በክብር ዘበኛ ውስጥ ዋና ዋናውን ቦታ ያዙ። ሙሉጌታ ቡሊ፣ መንግሥቱ ንዋይና አማን ሚካኤል አንዶም ከዚህ የስደት ትውልድ የወጡ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነው።

ይህ ውርስ ጣጣም ነበረው። በአንድ ሠራዊት ውስጥ በዱር የዋለ አርበኛ፣ በውጭ የተማረ ስደተኛና ከጠላት ጋር የሠራ ሰው ተገናኙ። ሹመት ሲሰጥ ማን ምን ዋለ የሚለው ጥያቄ ይነሳ ነበር፤ የስደተኛው ትምህርት ለአርበኛው ሁልጊዜ በቂ ማስረጃ አልሆነለትም። ማሠልጠኛው ሙያ እንጂ ታማኝነት ለዘለቄታው እንደማይሰጥም ታየ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት የመራው የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሶባ ተማሪ ነበር።

የሶባ ትልቁ ትምህርት ግን ቀጣዩ ማሠልጠኛ በገዛ አገር ይሁን የሚለው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንና የስዊድን ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ሲያደራጁ አስተማሪው የውጭ ሰው ቢሆንም ሜዳው፣ ዓርማውና አዛዡ የኢትዮጵያ ነበር። አገሪቱ በሳብ 17 ቦምብ ጣዮች የአየር ኃይል ባልደረቦቿን ያሠለጠነችው እዚያ ነው። በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት ሥራ የጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚም በዚያው መንገድ የሄደ ነው።

9. ስደተኛው አስተናጋጅ ሲሆን፣ የዛሬው ሚና

ከሶባ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ኢትዮጵያ በተራዋ አስተናጋጅ ሆነች። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ጠመንጃ፣ ፈንጂና ረጅም ጉዞ ተማሩ። ኮሎኔል ታደሰ ብሩና መቶ አለቃ ወንዶኒ በፍቃዱ ካሠለጠኗቸው መካከል ናቸው። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ድርጅታቸው ስለጠራቸው በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የተቋሙን ባሕርይ ግን ያሳያል። ተማሪው የሚመለስበት አገርና የሚታዘዝለት ድርጅት ነበረው፤ አስተናጋጁም በራሱ ባንዲራ ሥር ሊያሰልፈው አልፈለገም።

ይህ ዓይነት ተቋም ዛሬም አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እንግሊዝ በራሷ ምድር ከ50,000 በላይ የዩክሬን ምልምሎችን በአጭር ጊዜ ኮርስ አሠልጥናለች። እነዚህ መንግሥታቸውን ያልተነጠቁ በመሆናቸው ስደተኞች አይባሉም፤ የአሠራሩ መልክ ግን የሶባና የብራምኮት ነው። አሠልጣኙ የውጭ ሰው ነው፤ መሐል ላይ አስተርጓሚ አለ፤ ጊዜው በሳምንታት ይቆጠራል፤ ሠልጣኙም ቀጥታ ወደ ግንባር ይሄዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ማሠልጠኛዎች የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የስደት ጦር ትምህርት ቤት ጥራት የሚለካው በመሣሪያው ዘመናዊነት ወይም በአስተማሪው ዝና ብቻ ቢሆን ኖሮ ፖላንዶቹ ባሸነፉ፣ ሶባዎች ባልተቆጠሩ ነበር። የሚለካው ተማሪው ሲጨርስ የማን ወታደር ነው በሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ባረጀ ጠመንጃም ቢሆን ሠራዊት ያቆማል፤ መልሱን በአስተናጋጁ እጅ የተወ ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ሙያውን ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሶባን ታሪክ ከመኮንኖቹ የግል ዝናና ጠብ ለይቶ እንደ ተቋም መመርመር ለኢትዮጵያ ወታደራዊ ታሪክ ተመራማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው። በተለይም ዘመቻው ባለፈበት በጎጃምና በጣና ዙሪያ ለሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ሥራው ቅርብ ነው።